ለስላሳው መምቻ

ሰውየውን ሰፈሩ ሁሉ «ብረቱ» ይለዋል። ክንደ ብርቱ ሆኖ አይደለም፤ አንድ ጆንያ ከበር እስከ ጓዳ ቢያደርስ ሳምንቱን ሙሉ «ወገቤን» የሚል ሰው ነው። ስሙ የወጣለት ቪብራፎን ስለሚጫወት ነው። ቪብራፎንን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ደግሞ አበሳ ነው። ከበሮ ነው እንዳይሉት ዜማ ይወጣዋል፤ ፒያኖ ነው እንዳይሉት በዱላ ይመታል። ጠረጴዛ በሚመስል ማቆሚያ ላይ የብረት ሰሌዳዎች ከረጅም እስከ አጭር ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው ቱቦዎች ተንጠልጥለዋል፤ በቱቦዎቹ አፍ ላይ ትንሽ ሞተር የሚያዞራቸው ክብ ቆርቆሮዎች አሉ። ሰሌዳው ሲመታ ድምፁ ወደ ቱቦው ይወርድና ቆርቆሮው ሲከፍተውና ሲዘጋው እየተርገበገበ ይወጣል። እግር ፔዳሉን ሲረግጥ ይረዝማል፤ ሲለቅ ይቆረጣል።

ይህ ታሪክ ግን ከብረቱ ይልቅ የሚስቱ ነው። እሱን ጋዜጠኞች በደጉ ዘመን አንድ ሁለቴ ጠይቀውታል፤ እሷን ግን ማንም ጠይቋት አያውቅም። ሹራብ ሠሪ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ወንበሯ ያው በሹራብ ቤቱ መስኮት ሥር ያለው ነው፤ ዕድሜዋን የበላው ክርና ማሽን ነው።

ብረቱም የመጣው ወደዚያው መስኮት ነበር። ያኔ ጎረምሳ ነው፣ ጸጉሩ ለብቻው አንድ ባርኔጣ ያህላል።

«እህቴ፣ የተረፈ የሱፍ ክር ይኖርሻል?»

«ለማን ሹራብ ነው?»

«ለዱላ።»

በሹራብ ቤቱ የሚሠሩት ሴቶች ማሽናቸውን አቁመው ሳቁበት። እሱ ግን ሳያፍር ከኪሱ ጫፉ ላይ የጎማ ኳስ የተሰካበት ቀጭን ዘንግ አወጣ። ኳሱ ክር ሳይለብስ ብረቱን ሲመታ እንደሚያንቃጭል፣ ክር ሲጠመጠምበት ግን ድምፁ እንደሚገራ ነገራት። እሷም «እስቲ ተወው፣ ነገ ና» አለችው። በማግስቱ ወስዶ ሞከረው፤ ሲመሽ እያለከለከ ተመለሰ።

«ምን አደረግሽው?»

«ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?»

«ኧረ ዘፈነ!»

እንግዲህ ትዳራቸው የተጀመረው በዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ የብረቱን መምቻ ሌላ ሰው ጠምጥሞለት አያውቅም። ቀጭን ክር አጥብቃ ስትጠመጥም ድምፁ ጠርቶ ይወጋል፤ ወፍራሙን ላላ አድርጋ ስትደርብ ደግሞ ይጠልቃል። የሙዚቃ ፊደል አትለይም፣ ግን ባሏ ስለ አንድ ዘፈን ሲያወራ አፉን አይታ ምን ዓይነት መምቻ እንደሚፈልግ ታውቃለች።

ብረቱ ስለ ሙያው ሲጠየቅ «ጃዝ ውስጥ ቪብራፎን እንደ ደህና ጎረቤት ነው፤ ሲጠሩት ይመጣል፣ ወሬ ሳያበዛ ይሄዳል» ይል ነበር። እውነቱን ነው። ሳክስፎኑ ትንፋሽ ሲወስድ፣ ዘፋኟ ስንኟን ጨርሳ ዝም ስትል፣ እሱ ሦስት አራት ድምፅ ጣል አድርጎ ዝምታውን ያሳምረዋል። በወጣትነታቸው ዘመናዊ ነኝ የሚል ባንድ ያለ ቪብራፎን መድረክ አይወጣም ነበር። ኋላ ኪቦርድ መጣና የቪብራፎንን ድምፅ ከአንድ ቁልፍ ሥር አስገባው። መሣሪያው ከባድ ነው፣ መኪና ይፈልጋል፣ ተሸካሚ ይፈልጋል፤ እየቆየ ሁሉም ተወው። የብረቱ ባንድ ብቻ አልተወውም።

ታዲያ ካቻምና አንድ ቀን የባንዱ መሪ፣ ሳክስፎን ነፊው፣ ሹራብ ቤቱ ድረስ መጣ። ብረቱ ያሳደገው፣ «ጋሼ» ብሎ የሚጠራው ልጅ ነው። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከመስኮቱ ውጭ ቆመ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የጋሼ ነገር ነው።»

«ምን ሆነ?»

«ድሮ እንደዚያ አልነበሩም። አሁን መሣሪያውን ይቀጠቅጡታል። ዘፋኟ ‹ከጎናቸው አልቆምም፣ ጆሮዬን ያመኛል› ብላለች። የምንጫወትበት ቤት ባለቤትም ኪቦርድ ለምን አታመጡም እያለን ነው። ጆሯቸው ሳይደክም አልቀረም፣ እትዬ። ለሳቸው መናገር ደግሞ… አንደበቴ እምቢ አለኝ።»

እሷም ታውቅ ነበር። በር ሲንኳኳ እንደማይሰማ፣ ራዲዮኑን ግድግዳው እስኪንቀጠቀጥ እንደሚያስጮኸው ካየች ቆይታለች። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስትለው «ጆሮዬን ለማንም አላስነካም» ይላታል። ከዚያ ባንድ ቢወጣ ምን እንደሚሆን አሰበች። ብረቱ ያለ መድረክ ቁጭ ብሎ የሚያረጅ ሰው አይደለም።

«ምንም እንዳትለው» አለችው። «እኔ አስተካክለዋለሁ።»

ያስተካከለችውም እንዲህ ነው። መምቻዎቹን ወሰደች፤ በድሮው ጥምጥም ላይ በጣም ለስላሳውን ሱፍ ላላ አድርጋ ደራረበችበት፤ ከላይ ግን የድሮውን ቀለም፣ የድሮውን ስፌት አለበሰችው። ብረቱ ሲያነሳው ትንሽ ከበደውና «ወፈረ እንዴ?» አላት። «ክሩ አዲስ ነው» አለችው። የእሷን ጥምጥም ተጠራጥሮ ስለማያውቅ ይዞ ሄደ።

ነገሩ ከታሰበው በላይ ሠመረ። ብረቱ ያንኑ ያህል ይመታል፤ ሱፉ ግን ኃይሉን ይውጠዋል። ከመሣሪያው የሚወጣው ድምፅ ጥልቅና ለዘብ ያለ ሆነ። ዘፋኟ ወደ ጎኑ ተመለሰች። ሰው ከጠረጴዛው እየተነሳ ያጨበጭብ ጀመር፤ «በስተርጅና እንዲህ ያለ ጨዋታ ከየት አመጣው?» አሉ። ሳክስፎን ነፊው እጇን ሊስም መጣ። እሱ ይበልጥ እየቀጠቀጠ ሲመጣ እሷም ሱፍ ትጨምራለች። ባንዱ ያውቃል፣ አሳላፊዎቹ ያውቃሉ፣ መሣሪያውን የሚሸከሙት እንኳ ያውቃሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ያልሰማው ብረቱ ብቻ ነበር።

ሴትዮዋ አንድ ነገር ዘነጋች። እኔም ብሆን የምዘነጋ ይመስለኛል። ድምፁ ለሌላው ሲለዝብ ለእሱ ጨርሶ እየጠፋ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ብረቱ ወሬ አቆመ፣ ቀልድ አቆመ። እሷ ድካም ነው ብላ እግሩን በሙቅ ውኃ ታጥብለታለች።

በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ መኪና ከበሩ ቆመና ተሸካሚዎች ቪብራፎኑን ሳሎን አስገቡት። ብረቱ ከኋላቸው ገባ፤ በአልጋ ልብስ ሸፈነውና ተቀመጠ።

«ለቀቅሁ» አላት። «አባረሩኝ እንዳትዪ፣ ልጁ አልቅሶ ለምኖኛል። በገዛ ፈቃዴ ነው። ጆሮዬ አልቋል። ሰው ሲያጨበጭብ አያለሁ፣ ምን እንደተጫወትኩ ግን አላውቅም። ብረቱን ስመታው ትራስ የምመታ ይመስለኛል።»

ቅንድብ አሳምራለሁ ብላ ዓይን አጠፋች ማለት ይሄ ነው። ያን ጊዜ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ፈራች። በነጋታውም ፈራች። እሱ ግን ሲሰነብት «መሣሪያውን ለሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ሰጥቼዋለሁ፣ ነገ መኪና ይመጣል» ሲላት ተነሥታ መቀሷን አመጣች። የመምቻውን ስፌት ፊቱ ቀደደችው። ሱፉ እየተተረተረ ጉልበቷ ላይ ተከመረ፤ ከሥሩ የድሮው ጠንካራ ጥምጥም ብቅ አለ። የአልጋ ልብሱን ገፋ አድርጋ መምቻውን አስያዘችው።

«ምታው።»

መታው። ድምፁ ሳሎኑን ሞላው። ብረቱ እንደ ደነገጠ ሰው እጁን ሰበሰበ፤ ደግሞ መታ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ይሰማኛል! ሁሉም ባይሆን ይሰማኛል!» አለና ወደ ተከመረው ሱፍ ዞረ። ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ ምንድን ነው?»

ነገረችው። አንዱንም አላስቀረችም።

«ሁሉም ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ።»

«እኔ ብቻ?»

«አንተ ብቻ።»

ከሳሎን ወጥቶ በሩን ዘጋ። በማግስቱ የመጣውን መኪና ራሱ ወጥቶ ባዶውን መለሰው፤ እሷን ግን ለብዙ ቀን አላናገራትም። ምግብ ታቀርባለች፣ ይበላል፣ ሳህኑን ያነሳል። እሷም ይቅርታ አልጠየቀችም። ምን ብላ ትጠይቅ? ያደረገችው ስለወደደችው ነው፤ የጎዳችውም ያው ነው። ሹራብ ቤት ማሽኗ ላይ እያለቀሰች ትውላለች።

አንድ ምሽት ራት ላይ ድንገት «ሰዎቹ ግን ምን ነበር የሚሉት?» አላት።

«ዕድሜህን ሙሉ እንዲህ ተጫውተህ አታውቅም ይሉ ነበር።»

«አንቺስ?»

«እኔም አንድ ቀን ከበሩ ቆሜ ሰምቼሃለሁ። እውነታቸውን ነው። ልጁ ዛሬም ይጠብቅሃል፤ በለስላሳው ከሆነ ነገውኑ ይምጡ ብሏል።»

ብረቱ ራሱን ነቀነቀ። «የማልሰማውን ተጫውቼ የማን ጭብጨባ ልቀበል? አልመለስም።»

አልተመለሰም። ባንዱ ኪቦርድ ገዛ፤ ቁልፉን ሲጫኑት ቪብራፎን ይመስላል፣ ሰውም ለመደው። ብረቱ ግን ለሚስቱ አዲስ ትእዛዝ ሰጣት፤ አንድ ጥንድ መምቻ አጥብቃ በቀጭን ክር፣ አንድ ጥንድ ደግሞ እንደ ዓምናው በለስላሳ ሱፍ እንድትጠመጥምለት።

ጠዋት እሷ ወደ ሹራብ ቤት ስትወጣ ጠንካራውን ያነሳል። ቤቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጎረቤት ያማርራል፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ የቀረችውን ጆሮውን ያጠግባል። ማታ እሷ ገብታ ነጠላዋን አውልቃ ስትቀመጥ ጠንካራውን ያስቀምጥና ለስላሳውን ይይዛል። ፔዳሉን ቀስ ብሎ ይረግጣል፤ እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። ለእሷ የሚጫወተውን እሱ አይሰማውም።