ያልተሰማችው ሸክላ

ልጅ ሳለሁ ሸክላ ዘፈን የሚወጣበት ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር፤ እኔ የማውቀው ሸክላ ተረት የሚወጣበት ነበር። ያኔ ሀርጌሳ ከጦርነቱ ፍርስራሽ ላይ ቀስ በቀስ እየተነሣች ነው፤ ግማሹ ቤት አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል፣ ግማሹ ገና በላስቲክ እንደተሸፈነ ነው። አባቴ ግንበኛ ስለሆነ፣ የፈረሰ ከተማ ሥራ አያጣም ብሎ ነበር ከኢትዮጵያ ያመጣን። እሱ ግንብ እየተከተለ ሲዞር እኔ ከእናቴ ጋር እውል ነበር። እናቴ ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር፣ አዴር ሙሴ የሚባሉ ብቸኛ ሽማግሌ ቤት ትሠራለች። አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ ለታላቅ ሰው ሁሉ ይባላል። እሳቸው በወጣትነታቸው የጭነት መኪና እየነዱ ድሬዳዋ ስለኖሩ አማርኛው እንደ ውሃ ይፈስላቸው ነበር። እናቴ ስትሳሳት እንኳ ያርሟት ነበር፣ እሷም «ቋንቋዬንም ሊቀሙኝ ነው» እያለች ታጉረመርም ነበር።

መግሪብ ሰግደው ሲጨርሱ ግቢው ውስጥ ምንጣፋቸው ላይ ይቀመጣሉ። እናቴ ከሰሉን እያራገበች ሩዙን ስትጥድ፣ የከሰሉ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝ አጠገባቸው ኩርምት እላለሁ። ያኔ ከቆርቆሮ ሳጥናቸው አንድ ሸክላ ያወጡና ወደ ፋኖሱ ዘንበል አድርገው በጣታቸው ጫፍ ክብ መስመሮቹን ይዳስሱ ነበር። ሸክላዎቹን ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ በርሜል ውስጥ አሸዋ ሞልተው ግቢያቸው ውስጥ ቀብረዋቸው ነበር የሸሹት። ሲመለሱ ጣሪያው የለም፣ ሸክላ ማጫወቻው ተዘርፏል፣ በርሜሉ ግን በተቀበረበት ነበር። ማጫወቻ ስለሌለ እሳቸው ራሳቸው ያጫውቷቸው ነበር። «ይቺ የግመል ነጂው ናት» ይሉና ይጀምራሉ፤ «ይቺ ደግሞ ዝናብን የሰደበው ሰው ናት» ይላሉ። እኔ ተረቱ መስመሮቹ ላይ የተጻፈ ይመስለኝ ስለነበር አንድ ቀን ጆሮዬን ሸክላው ላይ ብለጥፍ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

አንዲት ትንሽ ሸክላ ግን ነበረች፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ከሳጥኑ ሥር የምትቀመጥ። እሷን አይዳስሷትም። እንዲያወጧት ስለምናቸው ጨርቋ ላይ እጃቸውን ብቻ አሳርፈው ሁልጊዜ አንድ ተረት ይነግሩኝ ነበር። አንድ ሰው ድምፀ መልካም ልጃገረድ አገባ። ሰዎች «የሚስትህን ድምፅ በየሻይ ቤቱ እንሰማዋለን» እያሉ ሲያሾፉበት ነፋሱ ላይ ሳይቀር ቀና። ድምጿንም ይዞ አፈር ውስጥ ቀበረው።

«ከዚያስ?» እላለሁ።

«ከዚያማ አልተቆፈረም።»

«መጨረሻውን ንገሩኝ እንጂ!»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ልጄ። ሥሩን ይዘሻል፣ ይብቃሽ።»

እንዲህ ያለ ተረት አልወድም ነበር። ጭራ የሌለው ተረት ምን ተረት ነው እያልኩ እናቴን አማርር ነበር።

እያደር የአዴር ሙሴን ዓይን ሞራ ሸፈነው። ፋኖሱን ወደ ፊታቸው ሲያስጠጉ ጺማቸው እንዳይቃጠል እናቴ ትሠጋ ነበር። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና እንደሚያድናቸው፣ ግን ውጭ አገር መሄድ እንዳለባቸው፣ ብዙም ከቆዩ እንደማይሆን ነግሯቸው ነበር። የሚልካቸው ዘመድ አልነበራቸውም። «ያየሁት ይበቃኛል፣ አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፤ ከጓዳ ወደ ግቢ ሲወጡ ግን ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ነበር።

በዚህ መሐል ፋራህ የሚባል ሰው መጣ። የዚያው አገር ልጅ ነው፣ ለንደን ያደገ፤ አሮጌ ሸክላ እየፈለገ ከተማ ለከተማ የሚዞር። እናቴ ልብሷን እስክትቀይር ድረስ የከበረ እንግዳ ነበር የመሰላት። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ፣ ነጭ ጓንት አጥልቆ፣ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ በአጉሊ መነጽር አየ። የተጫወተ ነው፣ የተቧጨረ ነው፣ ይሄ በኋላ የታተመ እንጂ ኦሪጅናሉ አይደለም እያለ ሁሉንም ወደ ጎን አደረጋቸው። በመጨረሻ ጨርቋን ፈታ። መሐሏ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበው።

«አዴር፣ ይቺን ሰዎች በወሬ ብቻ ነው የሚያውቋት» አለ በሶማልኛ፤ እኔ ከሰፈር ልጆች ስለለመድኩት ይገባኛል። «ከዓደን ወደብ የመጣ ነጋዴ ነው ያሳተማት። በዓለም ላይ ሌላ አንድም አልተገኘም። ደግሞ የማጫወቻ መርፌ አልነካትም፣ ወላሂ! ጨረታ ላይ ብትወጣ ዓይንዎን አድና ቤትዎንም ታድሳለች።»

«ሌላ አይገኝም» አሉ አዴር ሙሴ። «ሌሎቹን እኔ ነኝ የሰበርኳቸው።»

እናቴ ሶማልኛው ያን ያህል ስለማይገባት ወደ እኔ ዞረች። እሳቸው ግን የቀረውን በአማርኛ ነገሯት፣ ቀጥሎ ለፋራህ በሶማልኛ። ዘፋኟ ሰህራ ነበረች፣ ጦርነቱ ሲነሣ በሽሽት መንገድ ላይ የሞተችው ሚስታቸው። ያኔ ሴት ልጅ መዝፈኗ ለቤተሰብ ነውር ነበር። ሳያገቧት በፊት የቀዳችው ዘፈን ከተጋቡ በኋላ ታትሞ ሲመጣ፣ ስሟም ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ሲታይ፣ ወንድሞቻቸው ፊት ነሷቸው። አዴር ሙሴ ሱቅ ለሱቅ ዞረው ያገኙትን ሁሉ ገዙና ደረቁ ወንዝ ውስጥ ወርደው በድንጋይ ከሰከሱት። የመጨረሻዋን መስበር እጃቸው እምቢ አለ።

«ሰህራ አንዴ ብቻ አሰማኝ ብላኝ ነበር» አሉ። «ሰው ይሰማናል አልኳት። ድምጿን ሳትሰማው ነው የሞተችው፣ አባዮ።» አባዮ እህቴ ማለት ነው፤ እናቴን እንዲህ ብለው ሲጠሯት ያን ቀን የመጀመሪያው ይመስለኛል።

እኔ የማውቀው ተረት ጭራ ሲያበቅል ፊት ለፊቴ አየሁት፣ ደስ ግን አላለኝም። እናቴ ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ «እሷ አንዴ ሄዳለች፣ ነፍሷን ይማር። እርስዎ ግን በቁምዎ ሊጨልምብዎ ነው። በማርያም ይሽጧት» አለቻቸው። በማርያም ስትላቸው እሳቸው ፈገግ ይሉ ነበር፣ ያን ቀን ግን አላሉም። ፋራህን ጠየቁት፦

«የሚገዛው ሰው ያጫውታታል?»

ፋራህ ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ደግነቱ አልዋሸም። «አያጫውታትም። ያልተነካች መሆኗ ነው ዋጋዋ። አሸዋውም ገና መስመሮቿ ውስጥ አለ፤ መርፌ ቢያርፍባት እየጎተተ ይቧጭራታል፣ ከዚያ በኋላ ተራ ሸክላ ናት። በላስቲክ አሽጎ ነው የሚያስቀምጣት።»

«እንግዲያማ» አሉ አዴር ሙሴ ቀስ ብለው፣ «እንደኔው ያለ ሰው ነው የሚገዛት።»

ሸክላዋን ከፋራህ እጅ ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት።

ዋሄን ገበያ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው አሮጌ ማጫወቻ እንዳለው ይታወቅ ነበር። አዴር ሙሴ እናቴን ሄዳ እንድትለምነው ላኳት። እሷ አልሄድም አለች፤ ከዚያ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች፤ ከዚያ ሄደች። ጠጋኙ ማጫወቻውንና የመኪና ባትሪ በጋሪ ጭኖ ከእሷ ጋር መጣ፣ መርፌው እንዳረጀም አስጠነቀቀ። ፋራህ ጓንቱን አውልቆ፣ «አዴር፣ ዓይንዎ እኮ ነው!» እያለ እስከ መጨረሻው ለመነ። እሳቸው ሸክላዋን በመዳፋቸው እየዳበሱ ራሳቸው አስቀመጧት። «የግቢውን በር ወለል አድርገሽ ክፈቺው» አሉኝ።

መጀመሪያ የተሰማው የአሸዋው ጩኸት ነበር፣ ጥርስ የሚያፋጭ። ከዚያ ከሩቅ የሚመጣ የከበሮና የጭብጨባ ድምፅ፣ ከዚያ ቀጭን፣ ያልተንቀጠቀጠ፣ የልጃገረድ ድምፅ። ስለ ምን እንደዘፈነች ዛሬ አላስታውስም። የማስታውሰው አዴር ሙሴ እጃቸውን ወደ ድምፁ ዘርግተው መቆማቸውን ነው፣ ሰው ሊቀበሉ እንደወጡ። በሩ ላይ መንገደኞች ቆሙ፣ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶችም ቆሙ። አንዲት አሮጊት ዘንቢሏን አስቀምጣ፣

«ማን ናት እቺ?» ብላ ጠየቀች።

አዴር ሙሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያኔ ከፍ ባለ ድምፅ፣ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ፣ «ሚስቴ ናት» አሉ። «ሰህራ ትባላለች።»

ሴቶቹ ስሟን እርስ በርሳቸው ተቀባበሉት። ሸክላዋም እየተጫወተች ከረመች፤ ጠጋኙ ማጫወቻውን እዚያው ተወላቸው። በየዕለቱ ድምጿ እየሳሳ አሸዋው እየበረታ ሄደ፣ የእሳቸውም ዓይን እንደዚያው። ሐኪሙ የፈራው ደረሰ። እናቴ ለረጅም ጊዜ አኩርፋቸው ነበር፤ ሩዙን ስታቀርብላቸው ሳህኑን ድም አድርጋ ታስቀምጠው ነበር።

ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ የአሮጌ ሸክላ ጨረታ በስልኬ ሳይ «ፈጽሞ ያልተጫወተ» የሚል ጽሑፍ ዋጋውን ሲያንረው አያለሁ። አንዳንዴ እናቴ ትክክል ነበረች እላለሁ፤ ዓይን ዓይን ነው። ከሁለቱ ማን ትክክል እንደነበረ እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም። ብቻ የቀረልኝ ይሄ ነው፦ አዴር ሙሴ ጨርሶ ማየት ካቆሙ በኋላ በር ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጡ ነበር፤ የሰፈሩ ልጆችም፣ እነዚያ ሴቶችም፣ አላፊ አግዳሚውም «የሰህራ ባል» እያሉ ነበር ሰላም የሚሏቸው። እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ጠሪው አዙረው «አቤት» ይሉ ነበር።