አብዱልረሂም በኪሱ የያዘው ቁጥር

አብዱልረሂም ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልሎ ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነበር። ሹፌሩ ቡሴ መንገዱን ስለለመደው ወዴት ብሎ እንኳ አልጠየቀም።

«ዛሬም አልተሻለውም?» አለ በመስታወቱ እያየው።

«አልተሻለውም።»

«በሬ ቢሆን እኮ እስካሁን ታርዶ፣ ቆዳውም ተሸጦ ነበር።»

አብዱልረሂም አልሳቀም። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሣጥኑን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያቅፋል፤ መልሶ ደግሞ የሸሚዙን ኪስ ይዳብሳል። ኪሱ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ። ወረቀቱን ለጥገና ባለሙያዋ ለቃናኒ ልስጣት፣ አልስጣት እያለ ሁለት ሳምንት ይዞት ዞሯል። ዛሬም አሰበውና ፊቱ ጋለ።

ነገሩን ከሥሩ ብንይዘው ይሻላል። ክልሉ አዲስ ክልል በተባለ ጊዜ፣ ቢሮዎቹ ገና ወንበር እንኳ ሳይሟላላቸው፣ አብዱልረሂም በአሥራ ስምንት ዓመቱ አሶሳ ውስጥ ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። ፊደል አያውቅም ነበር። ደብዳቤ ሲሰጡት «ይሄ ለማን ነው?» ብሎ ይጠይቅና በእጁ ላይ በተራ ይደረድራቸዋል፤ የላይኛው ለጤና፣ ቀጥሎ ያለው ለግብርና፣ የታችኛው ለፋይናንስ። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ደብዳቤዎቹ ከእጁ ወድቀው ተራቸው ጠፋ። ምን ያድርግ? እግሬን አዳልጦኝ ነው ብሎ እዚያው ተቀመጠና አላፊ አግዳሚውን እየጠበቀ «እስቲ ይቺን አንሳልኝ፣ የማን ናት?» እያለ አንድ በአንድ አስነበበ። ለሁለት ቀን በጤነኛ እግሩ እያነከሰ መሄድ ግድ ሆነበት።

አርባ ዓመቱን ካለፈ በኋላ ነው ቀበሌው በከፈተው የጎልማሶች ትምህርት የገባው። መምህርት እታለም ጥብቅ ሴት ነበረች። «በየቀኑ አምስት መስመር ጻፉ፤ ከሁሉ በፊት ግን ከላይ ቀኑን። ቀን የሌለውን አላርምም» ትላለች። አብዱልረሂም ማንበቡን እየተንገዳገደም ቢሆን ቻለው። እጁ ግን አልታዘዝ አለ። ፊደሎቹ ከመስመር ይወርዳሉ፤ የአንዱ እግር የሌላውን ራስ ይረግጣል። ደመወዝ ሲቀበል ስሙን ሲጽፍ ከኋላው የተሰለፉት ሲጠቃቀሱ በጀርባው ሳይቀር ይሰማዋል።

ታዲያ ባለፈው ዓመት በግንቦት፣ የሚስቱ የሰዕዲያ ወንድም ኦመር፣ በድንበሯ ከተማ በኩርሙክ የሚነግደው፣ አዲስ ላፕቶፕ ስለገዛ አሮጌውን ኮምፒውተር አምጥቶ ቤታቸው ተወው። አብዱልረሂም በአንድ ጣቱ አንድ ፊደል ነካ። ፊደሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሌላ ነካ፤ እሱም ቀጥ ብሎ ቆመ። በዚህ ማሽን ላይ የእሱ «ሀ» እና የቢሮ ኃላፊው «ሀ» ልዩነት የላቸውም! ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ አምስት መስመር ይጽፋል። ዝናብ መዝነቡን፣ ማንጎው መድረሱን፣ ቢሮ ውስጥ ማን ማንን እንደተቆጣ። ለማንም አሳይቶ አያውቅም። ሰዕዲያ ስትገባ እንኳ ስክሪኑን በሰውነቱ ይከልላል።

«ጣውንቴ እንዴት ዋለች?» ትለዋለች እሷ፣ ኮምፒውተሩን ማለቷ ነው።

በማሽኑ ላይ ማንም ሳያሳየው ብቻውን የሠራው አንድ ትልቅ ሥራ ነበረው። መጀመሪያ ያበራው ቀን ከታች በስተቀኝ ጥግ ላይ ቀኑን አየ። 2017 ይላል። ሰው በ2009 እየኖረ! ሰዓቱም ስድስት ሰዓት ስቷል። ግማሽ ቀን ፈጅቶ፣ እየነካካና እያላበው፣ ዓመቱንም ወሩንም ሰዓቱንም አስተካከለ። አሥራ ሁለቱ ወራት እሺ አሉት። ጳጉሜ ላይ ማሽኑ አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ብሎ አምስት ቀን አስቸገረው እንጂ ሌላውን በየጊዜው እያቃና ይይዘው ነበር። ሲጽፍም ቀኑን ከጥግ አይቶ ከላይ ይገለብጣል፤ መምህርት እታለም እንዳለችው።

ችግሩ የጀመረው በዚህ በሚያዝያ ነው። ኦመር መጣና ሲም የሚገባባት ትንሽ ሞደም ሰካለት። ቀኑንም እንደ ስልኩ አድርጎ ኢንተርኔት ከፈተ። ወዲያው ማሽኑ በራሱ ጊዜ አፕዴት ማውረድ ጀመረ፤ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቁጥር ይወጣል፣ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ አምስት። ሠላሳ አምስት ላይ መብራት ሄደ።

አለቀ። ኦመር ሲሄድ አብዱልረሂም ቀኑን ወደ ራሱ መለሰው፤ ማሽኑ ግን ከዚያ ወዲህ ሲበራ ቁጥሩ እየተንፏቀቀ ሠላሳ አምስት ይደርሳል፣ ይቆማል፣ አልተሳካም ይላል፣ የሠራውን ለማፍረስ ደግሞ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ የባሰው አብዱልረሂም ቁጭ ብሎ ሲጽፍ ነው፤ አራተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ማሽኑ ጠፍቶ ይነሳና እንደገና ሠላሳ አምስት። አራት መስመር ለእሱ የአንድ ሰዓት ላብ ነው። አንድ ቀን ጠረጴዛውን በቡጢ መታና ሰዕዲያ ከጓሮ ሮጣ መጣች።

«ጣውንቴን መታሃት?»

«ተይኝ ሰዕዲያ! ወላሂ ተይኝ!»

ቃናኒ ከወለጋ የመጣች፣ ገበያው ጥግ ጥገና ቤት ያላት ቀልጣፋ ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን ማሽኑን ከፍታ አየችና ነገሩን በቀላሉ አስረዳችው። «አፕዴቱ ሲወርድ መብራት ስለሄደ የወረዱት ፋይሎች ተበላሽተዋል። ማሽኑ በየቀኑ ያንኑ የተበላሸውን ያነሳል። አፕዴት የሚያወርደውን አገልግሎት አቆመዋለሁ፣ ያጠራቀመበትን ማኅደር ስሙን ቀይሬ ገለል አደርገዋለሁ፣ ከዚያ ሳስነሳው ራሱ አዲስ ይሠራል።» ጥቁር መስኮት ከፍታ ነጭ ፊደል ጻፈችበት። ቁጥሩ ወጣ፤ ሠላሳ አምስትን አለፈ፤ መቶ ገባ። አብዱልረሂም «ማሻላህ» አለ።

«ቀኑም ወደ ኋላ ሄዷል፤ 2010 ይላል» አለች። «የተሠራበት ዓመት መሆን አለበት። ባትሪው ሞቷል ማለት ነው፣ ቀይሬልሃለሁ። ቤት ሄዶ እምቢ ካለህ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የስህተት ቁጥር ጽፈህ አምጣልኝ። እሺ ጋሼ?»

ቤት ወስዶ አበራው። ጥጉን አየ። 2018! ይቺ ጎበዝ ልጅ ሁሉን አስተካክላ ቀኑን አበላሽታለች። ሰው ይሳሳታል ብሎ፣ ማንንም ሳያማ፣ ቀኑን በጸጥታ መለሰው። ሞደሙን ሰካ። ብዙም ሳይቆይ ቀይ ምልክት ወጣና ከሥሩ ቁጥር ተደረደረ።

ጽፈህ አምጣ ብላዋለች። ወረቀት አወጣ። የእንግሊዝኛውን ፊደል ስለማያውቅ አጥር እንደሚያጥር ሰው አንድ በአንድ እያየ ሣለው። ሲጨርስ ራቅ አድርጎ አየው። ዶሮ የጫረው ይመስላል። አጠፈና ኪሱ ከተተው።

ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ጥገና ቤቱ ሲገባ ቶኩማ እዚያ ተቀምጧል። ቶኩማ የእሱው መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ የቢሮው ፕሪንተር ከተበላሸ ወዲህ ለማተም እያለ እዚያ ነው የሚውለው።

«ኧረ ጋሼ አብዱልረሂም! ኮምፒውተር? ደብዳቤውን በኢሜይል ልታደርሰው ነው? የገዛ እንጀራህን ልትዘጋ!»

«ቁጥሩን ጻፍከው ጋሼ?» አለች ቃናኒ።

የአብዱልረሂም እጅ ወደ ኪሱ ሄደ። ቶኩማን አየ። እጁን መለሰ። «ቁጥር አላወጣም» አለ።

ቃናኒ ያለ ቁጥር ከመጀመሪያው ጀምራ ያንኑ ሥራ ሠራች። ቀኑ ዳግመኛ 2010 ሆኖ ስታገኘው «ይሄ ባትሪ ሻጭ ሌባ ነው!» ብላ ሌላ ባትሪ አስገባች። እሷ ጋ መቶ ሞላ። ቤት ሲመለስ ቀይ ምልክት።

እና ይኸው ዛሬ፣ ሦስተኛው ጊዜ። ቃናኒ ጋቢውን ስታይ ተነፈሰች። ቶኩማም ወረቀቱን አቅፎ እዚያው አለ።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ እኔም አቃተኝ። እዚህ ይሠራል፣ ቤትህ ይሞታል። የቀረው ፎርማት ነው። ሁሉንም ጠርጌ ከአዲስ እጭነዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። የማስቀምጥልህ ፋይል አለህ?»

ቶኩማ ቀና አለ። አብዱልረሂም «አለ» ቢል ቃናኒ ልትከፍተው ነው፣ ቶኩማ ሊያነበው ነው፣ ነገ ቢሮው በሙሉ ሊስቅ ነው።

«የለም» አለ።

ቃናኒ ፍላሽ ሰካች። ማሽኑ ጠፍቶ ተነሳ። ነካ ነካ አደረገችና ስክሪኑ ላይ ሁሉም ይጥፋ ወይ የሚል ጥያቄ መጣ፤ ጣቷ ወደ ቁልፉ ሄደ። ያኔ አብዱልረሂም እናቱን ዐርዋን አስታወሰ። ያረፈችበት ቀን እዚያ ውስጥ አለ። ያን ቀን አምስት መስመር አልቻለም፤ አንድ ብቻ ነበር የጻፈው። ያቺን አንድ መስመር አሁን ጻፍ ቢሉት ከየት ያመጣታል?

«ቆይ!» ድምፁ ራሱን አስደነገጠው። «ቆይ ቃናኒ። ፋይል አለ። ብዙ አለ። ቁጥሩም... ቁጥሩም አለ።»

ወረቀቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለውና ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ የቤት ፕላን ነው?» አለ ቶኩማ አንገቱን አስግጎ።

«ዝም በል አንተ!» ቃናኒ ወረቀቱን ዘረጋችና በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ዜሮ፣ ኤክስ፣ ስምንት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሰባት፣ ሁለት፣ ኤፍ፣ ስምንት፣ ኤፍ። ጋሼ፣ ይሄ መቼ የወጣ ነው?»

«መጀመሪያ አንቺ ከሠራሽው በኋላ። ሁልጊዜ እሱ ነው።»

«ታዲያ ስጠይቅህ አላወጣም አላልከኝም?»

«ጽሑፌ ጥሩ አይደለም» አለ ለግድግዳው።

ቃናኒ ወረቀቱን እንደገና አየች። «አንድ ፊደል አልሳትክም እኮ። ይሄ ቁጥር የቀን ነው። ማሽኑ አፕዴት ሊያመጣ ሲሄድ ከላኪው ጋር ቀን ይተያያሉ። ካልገጠሙ አጭበርባሪ መጣ ብሎ በሩን ይዘጋዋል። ቤትህ ቀኑን የሚነካ ሰው አለ?»

«እኔ ነኝ። አንቺ ታበላሺዋለሽ፣ እኔ አስተካክላለሁ።»

«እኔ? እኔ አበላሻለሁ?»

«2018 ታደርጊዋለሽ። አሁን እኮ 2010 ነው። እንዳላሳፍርሽ ብዬ ዝም አልኩ።»

ቶኩማ ሣቁ አንቆት ወረቀቱ ተበተነ። ቃናኒ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። «ሁለት ባትሪ!» አለች ከዚያው። «ሁለት ባትሪ ቀየርኩ! ሰውዬውን በገበያ መሐል ሌባ ብዬ ሰድቤዋለሁ እኮ!»

አብዱልረሂም አልሳቀም። በዚያ ማሽን ላይ በራሱ እጅ፣ ማንም ሳይረዳው፣ በትክክል የሠራው ነገር ያ ብቻ ነበር።

«ታዲያ ውሸቱን ልተወው?» አለ። «በቤቴ? ስምንት ዓመት ቀድሞኝ ይቀመጥ?»

«ተወው ጋሼ። የፈረንጅ ቀኑ ለማሽኑ ነው። አንተ የራስህን ታውቃለህ» አለች ቃናኒ።

ጽሑፎቹን ለጥንቃቄ ፍላሽ ላይ ገለበጠችለት። «አልከፈትኩትም፣ እያየኸኝ ነው» አለችው። ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ ጥቁሩን መስኮት ከፈተች፤ አቆመች፣ ስም ቀየረች፣ አስነሳች። ወረቀቱን ልትመልስለት ስትል «ይቺን እዚህ ልለጥፋት? ብዙ ሰው ነው በዚህ የሚመጣው» አለች።

«አይሆንም» አለና ኪሱ ከተታት።

ቤት ገብቶ ሞደሙን ሰካ። ቁጥሩ ወጣ። ሠላሳ አምስት ላይ ትንፋሹን ያዘ፤ ሠላሳ ስድስት አለ። መቶ ሞላ። ቀይ ምልክት የለም። አብዱልረሂም ግን ደስታው አልመጣለትም፤ ዓይኑ ጥግ ጥጉን ይላል። 2018። እጁ ወደ ማውሱ ሄደ። መለሰው። ደግሞ ሄደ። ተነሣና ከመደርደሪያው የቁስል ፕላስተር አወጣ፣ በመቀስ ቆረጠ፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ለጠፈው።

ሰዕዲያ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። «ጣውንቴ ቆሰለች እንዴ?»

«ቆሰለች። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ግንቦት አሥራ አራት። አንተ አልነበርክ እንዴ ቀን የምትነግረን?»

ሃያ ሦስት ቀን ባዶ አልፏል፤ የሚመልሰው የለም። ከላይ በአንድ ጣቱ ቀኑን ጻፈ፤ ግንቦት 14 ቀን 2010። ከሥሩ እንዲህ አለ።

«ኮምፒውተሩ ዳነ። ቶኩማ ሳቀ። ጽሑፌን ቃናኒ አየች። አንድ ፊደል አልሳትክም አለች። ግን በጣም ተናድጃለሁ።»

ሰዕዲያ ከኋላው ቆማ ነበር። አልከለለውም።