የቤንዚን ካርዳችን

አሜሪካ፣ ሆፕኪንስ ከተማ በምንኖርበት ጊዜ ባለቤቴ ክሬዲት ካርድ የሚባል ነገር ቤታችን እንዲገባ አይፈልግም ነበር። ባንኮች የሚልኩልንን የካርድ ማስታወቂያ ሳይከፍት ቀዶ ይጥለዋል። ምክንያቱ ወለድ ነው። ወሎ፣ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ነው፤ ወለድ መብላትም ማብላትም ሐራም መሆኑን ከልጅነቱ ተምሯል። እኔም የአዲስ አበባ ልጅ ብሆንም በዚህ ከእሱ አልለይም። ስለዚህ የሚያስፈልገንን ሁሉ በጥሬ ገንዘብ ወይም በዴቢት ካርድ እንገዛለን፤ የጎደለብን ነገር አልነበረም።

ሐሳባችንን ያስለወጠን አንድ ዊንተር ላይ የመኪናችን ትራንስሚሽን መበላሸቱ ነው። ባለቤቴ ሻኮፒ የሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ ከእኛ ቤት እዚያ ድረስ ያለ መኪና አይታሰብም። ጋራዡ ሳምንት ይፈጃል ስላለን መኪና ልንከራይ ሄድን። ባንኮኒው ጋ ያለችው ልጅ ዴቢት ካርዳችንን አየችና መለሰችልን፤ ያለ ክሬዲት ካርድ አናከራይም አለች። ባለቤቴ ባንክ ውስጥ ያለንን ገንዘብ ሊያሳያት ሞከረ። በትሕትና ሰማችውና ያንኑ ደገመችለት። ያን ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባው ከዌስት ሴንት ፖል እየተነሳ፣ በእኛ በኩል እየዞረ ወሰደው። ሰውየው አንድም ቀን ፊቱን አላጠቆረም፤ ባለቤቴ ግን ሰው ማስቸገር ይከብደዋል። የካርዱን ነገር ራሱ አነሳው።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሸሁን ጠየቃቸው። ዑለማዎች በጉዳዩ እንደሚለያዩ ነገሩት። እሳቸው ግን ካርድ ይይዛሉ፤ ወለድ እስኪቆጠርበት ድረስ ሳይከፍሉ ቀርተው አያውቁም። በካርዱ ከተገዛው ላይ ባንኩ በፐርሰንት ተመላሽ ስለሚያደርገው ገንዘብም ጠየቃቸው፤ እኔ እንደ ዋጋ ቅናሽ ነው የማየው አሉት። ቤት ሲመጣ ፊቱ ፈታ ብሏል።

«ካርዱን አንቺ ምረጪ፤ መክፈሉን ለእኔ ተዪልኝ» አለኝ።

መምረጡ እንዳሰብኩት ቀላል አልሆነም። አንድ ሕንፃ ላይ የምንኖር፣ ባንክ የምትሠራ ጎረቤት አለችኝ። እሷ በአማርኛ ቸርቿ ዘማሪ ናት፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ልጆቻችን ግን የማን ቤት የማን እንደሆነ እስኪጠፋቸው ድረስ አብረው ነው ያደጉት። አንድ ቅዳሜ ማስታወቂያዎቹን ታቅፌ እሷ ዘንድ ወጣሁ። በልቤ የመረጥኩት ካርድ ነበረኝ፤ ወርቃማ ነው፣ የሚመልሰውም ፐርሰንት በትልቁ ተጽፎበታል። አየችውና ፈገግ አለች።

«ባንኩ የሚሰጥሽን ቆይተን እናየዋለን። መጀመሪያ የእናንተ ገንዘብ የት እንደሚያልቅ ንገሪኝ» አለችኝ።

ነገርኳት። ሥጋ የምንገዛው ከሐላል ሥጋ ቤት ነው፤ ሻጩ ጥሬ ገንዘብ ካልሆነ አይቀበልም። ሩዙን፣ ዘይቱንና ዳይፐሩን በጅምላ ከሚሸጠው የአባልነት መደብር እናመጣለን። የቀረው ቤንዚን ነው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ቤንዚን በየሳምንቱ ይጨምራል። ይህን ከሰማች በኋላ ካርዶቹን አንድ በአንድ አነሳቻቸው። የእኔ ወርቃማ ካርድ በየዓመቱ ክፍያ ይጠይቃል፤ እኛ በምናወጣው መጠን የሚመልሰውን መልሶ ይበላዋል። ሌላው በየሦስት ወሩ የሚሸልምበትን የግዢ ዓይነት ይለዋውጣል፤ በየጊዜው ካልተመዘገቡ ብልጫው ይቀራል። እኔ ልጆቼ ክትባት የሚወስዱበትን ቀን እንኳ በመከራ ነው የማስታውሰው። አንዱ ለአስቤዛ ብዙ ይመልሳል፤ ነገር ግን በደቃቁ ጽሑፍ የጅምላ መደብሮችን አይጨምርም። በራሴ ዓይን ቢሆን ፈጽሞ አላየውም ነበር። የመጨረሻው ዓመታዊ ክፍያ የለውም፤ ለቤንዚን ጥሩ ይመልሳል፣ ለሌላው ሁሉ ጥቂት ጥቂት። መልኩ ግራጫ ነው፤ ምንም አያምርም።

«የእናንተ ይቺ ናት» አለችኝ።

አፕላይ አደረግን፤ ተፈቀደልን። ባለቤቴ ቃሉን ጠበቀ፤ እንዲያውም አበዛው። ቤንዚን በሞላ ቁጥር ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ባንኩ ጋ ይደውልና ይከፍላል። ቆይቶ ደግሞ ገና ላልቀዳው ቤንዚን አስቀድሞ መክፈል ጀመረ። ታዲያ የወሩ የካርድ ቢል ሲመጣ ከድምሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ነበረበት። ባለቤቴ ደነገጠ። ወለድ ተቆጠረብን ብሎ ወረቀቱን ይዞ ጎረቤታችን ዘንድ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። አየችው፤ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነክሳ ቆየች።

«ወንድሜ፣ ዕዳ ያለብህ አንተ አይደለህም» አለችው። «ባንኩ ነው ያለበት።»

አስደገማት። ከዚያ በኋላ መስጊድ ላገኘው ሰው ሁሉ አሜሪካ ውስጥ ባንክ እንዳበደረ ሲያወራ ከረመ።

በዓመቱ፣ በጋ ሲገባ፣ የተጠራቀመው ተመላሽ በቼክ መጣልን። ብዙ አልነበረም። ለልጆቹ ጫማ እንግዛበት አልኩት። እሱ ግን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ካገባሁት ጀምሮ ለራሱ ይህን እፈልጋለሁ ሲል አልሰማሁም ነበር። ጫማው ይቆይ አልኩት።

ዘንግ ገዛ፤ የማጥመጃ ፈቃድም አወጣ። ትልቋ ልጃችን የዓሣ ማስገሪያውን ደንብ በእንግሊዝኛ ታነብለታለች፤ እሱ በአማርኛ ይጠይቃታል፤ እሷ ደግሞ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። እሑድ ሁላችንም፣ ጎረቤታችንም ከቸርች ስትመለስ ከነልጆቿ ተጨምራ፣ ሚኔቶንካ ሐይቅ ወረድን። ባለቤቴ ሱሪውን ጠቅልሎ ዳር ላይ ቆመ። ልጅ ሳለ ወሎ ውስጥ በክርና በመንጠቆ እንዴት ያጠምዱ እንደነበር ለልጆቹ ያሳያቸዋል፤ ዓሣው ግን አልመጣም። ትንሿ ልጄ «ዳድ፣ አይ አም ቦርድ»፣ ሰለቸኝ ማለት ጀመረች። እሱ ዞር ብሎ እንኳ አላያትም።

ወደ ማታ ላይ ክሩ ተሳበ። ያወጣው ዓሣ ከመዳፉ ብዙም አይበልጥም፣ ሆዱ ብርቱካንማ ነው። ልጆቹ ተንጫጩ። ቤት ወስደን ጠበስነው፤ ለሁለት ቤተሰብ ተካፈልነው። ከሥጋው እሾሁ ይበዛ ነበር፤ ባለቤቴ ግን ጭንቅላቱን ለራሱ አስቀርቶ ቀስ ብሎ፣ እያጣጣመ በላ።