የሀምዳን ባላንጣ ቁጥር አስራ አራት

ሀምዳን በሚስቱ ይቀናል ብል ሐይቅ ከተማ ውስጥ የሚደነቅ ሰው የለም። የሚያስደንቀው የቀናበት ነገር ነው። ሀምዳን የቀናው መልኩን አይቶት፣ ስሙን ሰምቶት በማያውቀው ሰው ነበር። ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ አስራ አራት።

ከሀምዳን ጋር የተዋወቅነው ሰባተኛ ክፍል ነው። እኔ ከውጫሌ መጥቼ አክስቴ ዘንድ እየኖርኩ፣ እሱ ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር በእግሩ እየተመላለሰ፣ አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጥን። ያኔም ጆሮው ጉድ ነበር። መምህሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲጽፉ፣ በአስፋልቱ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ሳያይ፣ «ኤንትሬ ነው፤ የኋላ ጎማው ተንፍሷል» ይለኛል። በእረፍት ሮጠን ስንወጣ ሾፌሩ ክሪኩን ከመኪናው ሥር አስገብቶ እናገኘዋለን። በዚያ ጆሮ እቀና ነበር። ማትሪክ ለእሱ አልመጣለትም፤ ለእኔ መጣልኝ። እሱ ካሴት ማጫወቻ መጠገን ጀመረ፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አስተማሪ ሆንኩና ደሴ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ እሱ በዲግሪዬ፣ እኔ በጆሮው ስንቀናና እንዳልቀናን ስንሆን ኖረናል።

ሱቁ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ባጃጆቹ ከሚደረደሩበት ፊት ለፊት ነው። ስልክ ይጠግናል። የሚታወቀው ግን በመንዙማ ቀጂነቱ ነው። በሠርግና በመውሊድ ማይኩን ይተክላል፣ ይቀዳል፣ ከዚያ ኮምፒዩተሩ ላይ ቁጭ ብሎ የነፋሱን ሽውታና የጄኔሬተሩን ጉርምርምታ ያነሳል። አንድ ሕግ አለው፤ የሰው ድምፅ አይነካም። ሸህ ዑበይዱላህ መንዙማ ሲያወጡ በመሃል ይስላሉ። አንድ ደንበኛ «ሳሉን አውጣልኝ» ቢለው፣ ሀምዳን ፊቱን አጥቁሮ፣ «የሸሁ ሳል ዱዓ ነው። እሱ ከሚወጣ አንተ ውጣ» ብሎ ፍላሹን መለሰለት።

ሀፊዛ ከቤይሩት የተመለሰችው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ የሠራችው አንዲት አሮጊት ዘንድ ነበር፤ የመጣችውም እሳቸው ሲሞቱ ነው። ሴትዮዋ ፒያኖ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ዓይናቸው ደክሞ ማስተማሩን የተዉ ናቸው። የቀራቸው ሥራ መፍረድ ነበር። ለውድድር የሚቀርቡ ወጣቶች አንድ ኮንቸርቶ ተጫውተው ቅጂውን ይልካሉ። አድልዎ እንዳይኖር ስም አይጻፍበትም፤ ቁጥር ብቻ። ማዳሟ ሰምተው ከአስር ነጥብ ይሰጣሉ። ሀፊዛ ዲስኩን ታስገባለች፣ የተባለችውን ነጥብ ወረቀቱ ላይ ትጽፋለች።

ኮንቸርቶ ምን እንደሆነ ለሀምዳን ያስረዳችው እሷ ናት። «እንደ መንዙማ በለው። ፒያኖው ያወጣል፣ ሌላው ሁሉ ይቀበላል። የድሮ ፈረንጆች፣ የሮማንቲክ ዘመን የሚሏቸው፣ የደረሱት ነው። ሐዘናቸውን መደበቅ የማይወዱ ሰዎች ናቸው።»

ይህን ያለችው ገና ደንበኛ ሳለች ነው። የሞተ ስልኳን ይዛ መጣች። ሀምዳን ከፍቶ አየና፣ «ስልኩስ አልቆለታል፤ ሚሞሪው ግን ደህና ነው» አላት። ሚሞሪው ላይ በስልኳ ከማዳሟ ሳሎን የቀዳቻቸው አርባ ያህል ቅጂዎች ነበሩ። አንዱን ከፈተው። ከበሮው ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ መጣና ፒያኖው ከላይ ወደ ታች ተናደ። ሀምዳን መፍቻውን አስቀመጠ። በዓመቱ ተጋቡ።

ከዚያ በኋላ ከአስር ሶላት መልስ ሱቁ ውስጥ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። ሀምዳን የአንዱን ኮንቸርቶ ሁለት ቅጂ ሳይናገር ያሰማታል፤ እሷ ትፈርዳለች።

«ይሄኛው ወደ ሐይቅ እንደሚወርድ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ቁልቁለቱን ሲያይ ተሳፋሪ መጫኑን ረሳ።»

«ያኛውስ?»

«ያኛው ጣቱ ጥሩ ነው። ግን የሚቀበሉትን አይሰማም። ብቻውን ሠርግ የበላ ሰው ይመስላል።»

ደንበኞች በር ላይ ቆመው ይስቃሉ። «ሀምዳን፣ ዛሬም የፈረንጅ መንዙማ ነው?» ይሉታል። እሱ ግን አይስቅም። ሐይቅ ላይ ስለ ድምፅ የሚጠየቀው እሱ ነበር፤ አሁን ደግሞ ከሚስቱ ይማራል። ተማረም። በሦስት ዓመት ውስጥ ፔዳሉ መቼ እንደበዛ፣ ቀስ የሚለው ሁለተኛው ክፍል መቼ እንቅልፍ እንደሆነ ከእሷ እኩል የሚናገር ሆነ። በአንድ ነገር ብቻ አልተስማሙም።

ቁጥር አስራ አራት ሁልጊዜ አንደኛ ይወጣል።

ተጫዋቹ በመጀመሪያው ክፍል ማብቂያ ላይ፣ ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ፒያኖው ብቻውን በሚቀርበት ቦታ፣ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ቁልፍ ይመታል። ከዚያ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆሞ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ይቀጥላል። ስህተቱን እኔም እሰማዋለሁ።

«ይሄን ነው ዘጠኝ የምትዪው?» ይላታል ሀምዳን።

«ዘጠኝ።»

«ሁለት ጊዜ ወደቀ እኮ፣ ሀፊዛ!»

«ወድቆ ተነሳ። አንተ የማይወድቀውን ትወዳለህ።»

የባሰው ግን መጨረሻው ላይ ነበር። ሌላ ቅጂ ሲያልቅ ወዲያው ትናገራለች። አስራ አራት ሲያልቅ ግን ዝም ትላለች፤ ዓይኗ የሱቁ መጋረጃ ላይ ይቀራል። ቅጂው ላይ ሽውታው ብቻ ነው የሚሰማው። ሀምዳን መቻል ያቅተውና መናገር ይጀምራል።

«ዝም በል እስኪ» ትለዋለች።

«አልቋል እኮ።»

«ቢያልቅስ? ያን ቤት ያስታውሰኛል።»

ይህች ቃል እንደ ገብስ እሾህ ጉሮሮው ላይ ቀረች። አንድ ቀን ወደ ውጭ ጠራኝና፣ «አያሌው፣ ሰው በቁጥር ይወደዳል?» አለኝ።

«ልጅ ይሆናል እኮ። ሴትም ትሆናለች።»

«አይዶለም። ሴት ብትሆን ስሟን ትነግረኝ ነበር።»

«ስሙን እሷም አታውቀውም!»

«እሱ ነው የከፋው። ስም ቢኖረው ስሙን እጠላ ነበር።»

ሳቅሁ። ይሁን እንጂ ስመለስ ቅጂውን በላፕቶፔ ገልብጬ ወሰድኩ፤ ሙዚቃ የሚያስተምር ወዳጄ ተጫዋቹን ያውቀው እንደሆነ ልጠይቅለት። አላወቀውም። እኔ ግን አንድ ስህተት ሠራሁ። በዓለም የታወቁ ሰዎች ያንኑ ኮንቸርቶ የተጫወቱባቸውን ምርጥ ቅጂዎች ጭኜ ለሀምዳን አመጣሁለት። ሰይፍ ለተጣላ ሰው እንደማቀበል ነበር።

ሀምዳን አንድ ሳምንት በጆሮ ማዳመጫ ተሸፍኖ ሰነበተ። ቀጥሎ የመጣሁት ጁምዓ ቀን፣ ከሶላት በኋላ ነው። የሱቁን በር ግማሽ አድርጎ ዘጋና ሀፊዛን ወንበር ላይ አስቀመጣት።

«ዛሬ ሦስት አሉ። አያሌው ምስክር ነው። ማን ማን እንደሆነ አልናገርም» አለ።

የመጀመሪያውን ሰማች። ሻሿን እያስተካከለች፣ «ማሻአላህ፤ ስምንት ተኩል» አለች። ሀምዳን ጣቶቹን አፋተገ። ሁለተኛውን ሰማች። «ይሄ ዘጠኝ ነው። ጌታ ሰው ነው» አለች። የሀምዳን ፊት በራ፤ አስራ አራትን የሚስተካከል አገኘ ማለት ነው። ሦስተኛውን ከፈተ።

በመጀመሪያው ምት አወቀችው። እኔም አወቅሁት፤ ግን ሌላ ሆኖብኛል። ሳሎኑ የለም። ከበስተጀርባ ይሰማ የነበረው የወንበር ሲጥታ፣ የከዘራ ኳኳታ፣ የአሮጊት ሳል የለም። ሀምዳን ሁሉንም አጽድቶታል። ጭጋጉ የተነሳለት ፒያኖ ራቁቱን ቀረ፤ ሁለቱ ስህተቶች እንደተሰበረ ጥርስ አፈጠጡ። በፍርድ አሳቦ ሊያዋርደው እንደሆነ ገባኝ።

ሀፊዛ እስከ መጨረሻው ሰማች። የመጨረሻው ምት አረፈና ድምፁ ቀጥ አለ። ሽውታ የለም፤ ምንም የለም።

«የቀረውስ?» አለች።

«ምን የቀረ?»

«ከዚያ በኋላ ያለው።»

«ከዚያ በኋላማ ሽውታ ነው። ቆረጥኩት።»

«ዋናውን አምጣልኝ፣ ሀምዳን።»

ሀምዳን ወደ እኔ አየ። «የጸዳውን በዋናው ላይ ነው ያስቀመጥኩት፤ ዋናው የለም። ሁለት አስራ አራት በአንድ ቤት ምን ይሠራል?»

አንድም የቆየ መንዙማ ሳያስቀር ዋናውን ቅጂ ሁሉ መደርደሪያ ላይ ደርድሮ የሚያኖር ሰው ነው። የሸህ ዑበይዱላህን ሳል ያልነካ እጅ ነው። ሀፊዛ ይህን ታውቃለች። አልጮኸችም። ተነሳች፣ በሩን ከፈተች፣ ወደ ቤቷ ሄደች።

«አየህ?» አለኝ ሀምዳን። «አላልኩህም? ሰው ለቁጥር እንዲህ ይሆናል?»

ደሴ ስገባ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ገልብጬ የወሰድኩት ቅጂ እንዳለ ነበር፤ ሽውታውም ጭምር። የመጨረሻው ምት ሲያርፍ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍ አደረግኩ። ሃያ ሰከንድ ያህል ሽውታ። ከዚያ ከዘራ ወለሉን ነካ። የአሮጊት ድምፅ፣ ከጎረቤቶቼ የለቃቀምኩት ያህል እንኳ በሚበቃው ቀላል ዐረብኛ፣ «ሰባት ጻፊ» አለ። ከዚያ ያው ድምፅ፣ «አንቺስ ሀፊዛ? አንቺ ስንት ትያለሽ?» አለ።

ረጅም ዝምታ ሆነ። የሚጠየቅ ያልመሰለው ሰው ዝምታ ነው። ከዚያ ከስልኩ አጠገብ ቀጭን የልጃገረድ ድምፅ፣ «ዘጠኝ» አለ።

«ለምን?»

«ሲሳሳት አልደበቀውም።»

አሮጊቷ በረጅሙ ተነፈሱ። «ልክ ነሽ። ዘጠኝ ብለሽ ጻፊው።» ቅጂው እዚያ ላይ ያበቃል።

ያን ሌሊት ለሀምዳን መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። በማግስቱም፣ በሳልስቱም አልደወልኩም። ሥራ በዛብኝ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ሌላ ነው። ቤቴ ውስጥ የሚከራከረኝ ሰው ከጠፋ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። በአንድ የተሳሳተ ቁልፍ የሚኳረፉ ባልና ሚስት እያየሁ ከደሴ ሐይቅ ስመላለስ፣ የማመጣላቸው ቅጂ ሳይሆን የሚጣሉበት ነገር እንደሆነ አልታወቀኝም ነበር። አሁን የእነሱ ትልቁ ነገር እኔ እጅ ብቻ ገባ። አራት ቀን ሙሉ ብቻዬን ሰማሁት። «አንቺስ ሀፊዛ?» በሚለው ጥያቄ እንደ ተራበ ሰው ስቀና ሰነበትኩ።

በአምስተኛው ቀን ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሀምዳን ፂሙን አልተላጨም። የጆሮ ማዳመጫውን ጭንቅላቱ ላይ አደረግኩለትና የመጨረሻዋን አንድ ደቂቃ ከፈትኩ። መጀመሪያ ግንባሩን ቋጠረ። ቀጥሎ እጁን ማዳመጫው ላይ ጫነ። ሲያልቅ፣ «ድገመው» አለኝ። ሦስት ጊዜ ደገምኩለት።

«ስንት ዓመቷ ነው እዚህ ላይ?»

«ሃያ ሁለት ቢሆን ነው።»

«አስራ አራት ሲያልቅ የምትጠብቀው ይሄን ነው?»

«ይሄን ነው።»

«እኔ ደግሞ በላዩ ላይ ሳወራ!» ማዳመጫውን አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ቆየት ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «ወላሂ አያሌው፣ አሁን ደግሞ በሞተች አሮጊት ልቅና?»

ሄዶ አመጣት። ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ ስትገባ ግን ሻሿ ተጣሞ፣ በችኮላ መምጣቷ ያስታውቅ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት የቀዳውን የሸህ ዑበይዱላህን መንዙማ ከፈተላት። ሰማች። ሲያልቅ ሀምዳን ዓይኑን ኪቦርዱ ላይ ተክሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ሥራ ላይ ጠየቃት።

«አንችስ? ስንት ትያለሽ?»

«ስድስት።»

«ስድስት? ለሸሁ?»

«ለሸሁማ አስር ነው። ላንተ ነው ስድስት።»

«ለምን?»

«ሲስሉ ድምፁን ዝቅ አድርገኸዋል።»

ሀምዳን አፉን ከፍቶ ሊከራከር ነበር። ተወው። ቅጂውን መልሶ ከፈተና እያዳመጠ ሳሉን ቀስ አድርጎ ወደ ቦታው መለሰው። ያን ሳምንት እጁ የሰው ድምፅ መንካት ለምዶ እንደነበር አንዳችንም አልተናገርንም።

ከዚያ የእኔን ቅጂ ወደ ሚሞሪዋ ገለበጠላት። ሥራው ሲያልቅ ግን ዞር ብሎ፣ «ካንተ ዘንድ ያለውን አጥፋልኝ» አለኝ።

«ለምን?»

«የቤቴ ነገር ነው። ሰው እጅ ላይ አያድርም።»

አራት ቀን ማስቀረቴን ያወቀብኝ መሰለኝና ፊቴ ጋለ። ላፕቶፑን መክፈት ስጀምር ሀፊዛ እጇን ዘረጋች።

«አይጥፋ፣ ጋሼ አያሌው። አማና ነው፤ አንቱ ዘንድ ይቀመጥ። እሱ እንደሁ ነገ አንዱ ነገር ይቆረቁረውና ደግሞ ያጸዳዋል።»

«አላጸዳም አልኩሽ እኮ!»

«አስራ አራት ስንት ነው?» አለችው።

ሀምዳን ወደ ውጭ፣ ወደ ባጃጆቹ አየ። «ስምንት» አለ፤ «ከዚያ በላይ አላህም አያስገድደኝ።»