ሰባተኛው ሸክላ ውጫሌ፣ ማጫወቻው ሐይቅ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ፤ ደሴ

ደሴ ገና ጉሟን አላወለቀችም። መናኸሪያው በር ላይ ጋሽ መኩሪያ ቀድመውኝ ቆመዋል፤ ጥቁር ኮት፣ ግራጫ ባርኔጣ፣ በብብታቸው የካርቶን ማኅደር። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። አጠገባቸው ፋርማሲስቱ ጌታሁን የቀዶ ጥገና ሐኪም የሚያስመስለው ሻንጣ ይዟል። «እንደምን አደራችሁ» ስል ጌታሁን ብቻ መለሰ። የጋሽ መኩሪያ ግራ ጆሮ ከዘጋ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቀኙም እየደከመ ሄዷል። ዞሬ በቀኝ በኩል ሰላም አልኳቸው።

«አረፈድሽ፣ ገጣሚዋ» አሉኝ። የደረስኩት ከቀጠሯችን ሩብ ሰዓት ቀድሜ ነበር።

ሁለቱም ሸክላ ሰብሳቢዎች ናቸው። ድሮ እዚሁ ደሴ የተመሠረተ፣ «ጦሳ አምስት» የሚባል ትንሽ የጃዝ ባንድ ነበር፤ ሳክስፎን፣ ትራምፔት፣ ፒያኖ፣ ቤዝና ከበሮ። ዘፋኝ አልነበረውም። ሰባት ትንንሽ ሸክላ አሳትሞ ተበተነ። አሁን አንድ የውጭ አገር አሳታሚ ሰባቱንም አጽድቶ፣ በአንድ ሳጥን፣ ከትንሽ መጽሔት ጋር ሊያወጣቸው ቃል ገብቷል። ቃሉ እንደ ጥሩ ጠላ ቆይቷል። በሰብሳቢዎቹ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ በየማለዳው አንድ ሰው «ሳጥኑ ከምን ደረሰ?» ብሎ ይጽፋል። አንዱ አባል እንዲያውም አዲስ መደርደሪያ አሠርቶ፣ ለሳጥኑ የተወውን ባዶ ቦታ ፎቶ አንስቶ ለጥፏል። ሌሎቹም የባዶውን ቦታ ስፋት አድንቀውለታል።

ስድስቱ ሸክላዎች ተገኝተዋል። ሰባተኛው የለም። በአንዱ ፊቱ ላይ በአምባሰል ቅኝት የተጫወቱት ያለ ቃል ዜማ አለ ይባላል። አሳታሚው ባለፈው ሳምንት አጭር ደብዳቤ ጻፈ፦ ሰባተኛው እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተገኘ ሳጥኑን ይተወዋል።

«ለሌላው ሰው ቢዘገይ ዘገየ ነው» አሉኝ ጋሽ መኩሪያ፣ ወደ ሚኒባሱ እየገባን። ቀኝ ጆሯቸውን በጣት ነካ አደረጉ። «ይቺ ግን አትጠብቀኝም።»

የምንሄደው ውጫሌ ነው። ደሴ ያለ አንድ የጨርቅ አከፋፋይ፣ እሱም የቡድኑ አባል፣ ሸክላው ወይዘሮ ዘይነባ ከሚባሉ ደንበኛው ቤት እንዳለ ነግሯቸዋል። እኔስ? በሳጥኑ መጽሔት ውስጥ አንድ ገጽ ለግጥም ተሰጥቶኛል። በሕይወቴ የመጀመሪያው የታተመ ግጥሜ ይሆናል። ስለ ተራራው፣ ስለ ሐይቁና ስለ ሳክስፎኑ አርባ ስንኝ ጽፌ መጥቻለሁ።

ጌታሁን ከሻንጣው ማስመሪያ አወጣ። «በዚህ የፊደል መጠን ገጹ የሚይዘው አሥራ ሁለት ነው» አለኝ። ሃያ ስምንቱን እዚያው ሰረዝኩ።

2 ሰዓት፤ ሐይቅ

ቦሩ ሜዳ ላይ ጉሙ መስታወቱን ልሶት ነበር። ባሕር ዛፍ፣ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ፣ ሣር የተሸከሙ አህዮች፣ እንደገና ባሕር ዛፍ። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ አየሩ ሞቀ፤ ኮት ማውለቅ ተጀመረ። ሁለቱ ሰብሳቢዎች መንገዱን ሁሉ የተከራከሩት በሰባተኛው ሸክላ መሐል ያለው ክብ ወረቀት ቢጫ ነው ወይስ ብርቱካንማ በሚለው ነው። አንዳቸውም አይተውት አያውቁም።

ሾፌሩ ሰይድ መታገሥ አቃተው። «ይቅርታ አባቴ፣ ዘፈኑ ስልክ ላይ የለም ወይ?»

«ስልክ ላይ ያለው የዘፈን ጥላ ነው» አሉት ጋሽ መኩሪያ።

«ጥላውም ይበቃኝ ነበር፤ እኔ ፀሐይ ላይ ነው የምውለው።»

ሚኒባሱ ሳቀ። ጋሽ መኩሪያ ግን ሳቁ ከየት እንደመጣ ለማየት አንገታቸውን ወደ ሁሉም አቅጣጫ አዞሩ።

ሐይቅ ላይ ሰይድ ለቁርስ ያቆመን ከውኃው ዳር ያለ የአሳ ቤት ነው። ባለቤቱ እንድሪስ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ክንዱ ላይ የአሳ ቅርፊት የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። እስከ አጥንቱ የሚቆረጠም የተጠበሰ የቆሮሶ አሳ፣ ዳጣ፣ ትኩስ ዳቦ። ከበሩ ፊት ለፊት ሐይቁ ተኝቷል፤ ሁለት ታንኳ፣ አንድ ዳክዬ፣ ወዲያ ማዶ የገዳሙ ዛፎች። ከበሩ አጠገብ ሁለት ማንጎ በሃምሳ ብር ገዛሁ።

ጋሽ መኩሪያ ባርኔጣቸውን የሚያኖሩበት አጥተው፣ ጥግ ላይ ባለ ላስቲክ በለበሰ ሳጥን መሰል ነገር ላይ፣ ከጨውና ከሚጥሚጣ ብልቃጦች መሐል አስቀመጡት።

«አብሽሩ አባቴ፣ ይቀመጥ» አለ እንድሪስ። «ምንም አይነካውም።»

ሐይቁን ካየሁ በኋላ ስለ ሐይቁ የጻፍኳቸውን ስንኞች ሰረዝኩ። «እንደ መስታወት» ብዬው ነበር። መስታወት የአሳ ሽታ የለውም። ስምንት ስንኝ ቀረኝ።

4 ሰዓት ተኩል፤ ውጫሌ

ከሐይቅ ወዲህ የአምባሰል ተራራ በግራ በኩል ብቅ ይላል። ገደሉ ቀጥ ያለ ነው፤ ጫፉ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ጋሽ መኩሪያ ከፍታውን፣ የድንጋዩን ዓይነት፣ ዝናቡ በየት በኩል እንደሚወርድ ነገሩን። ቅኝቱ በዚህ ተራራ ስም መጠራቱን ሲጠቅሱ ሰይድ እንኳ ሬዲዮውን ቀነሰ።

ከመናኸሪያው በባጃጅ ወደ ወይዘሮ ዘይነባ የጨርቅ ሱቅ ሄድን። ስድሳዎቹን ያለፉ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ፣ ሜትራቸውን እንደ መቁጠሪያ በጣታቸው የሚያዞሩ ሴት ናቸው።

«እናንተ ናችሁ ሸክላ ፈላጊዎቹ? አህለን፣ ግቡ! ማሻአላህ፣ ኮት ለብሳችሁ ነው የመጣችሁ። ሽማግሌ ልትልኩብኝ መስሎኝ ደነገጥኩ።»

ከጓዳ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አመጡ። አባታቸው ሐጂ ይማም ሐይቅ ላይ፣ አውራ ጎዳናው ዳር፣ የሾፌሮች ሻይ ቤት ነበራቸው፤ ሸክላው ከዚያ ቤት የቀረ ነው። «በዚያ ክፉ ጊዜ ቤቴ ሲበረበር ቴሌቪዥኑ ሄደ፣ አልጋው ሄደ። ይቺ ጤፍ ውስጥ ነበረች። አልሐምዱሊላህ።»

ጌታሁን የጥጥ ጓንት አጠለቀ። ማጉያ መነጽር አወጣ። ትንሽ ብሩሽ፣ የተጣራ ውኃ፣ ማስመሪያ፣ አዲስ የወረቀት ከረጢት፣ የድምፅ መቅጃ ከነገመዱ ደረደረ። ነጠላው ተገለጠ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ወደ መሐሉ አዩ። በክቡ ወረቀት ላይ ሌላ ነጭ ወረቀት ተለጥፎ፣ በትልልቅ ፊደል «የይማም ሻይ ቤት፤ ይመለስ» ተብሎ ተጽፏል።

«ሰርግ ቤት ሁሉ ይዋሰው ነበር» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ። «ስም ያልተጻፈበት ሸክላ በዚያው ይቀራል።»

«ትንሽ ጥጉን ብቻ ብናነሳው…» አለ ጌታሁን። «ቀለሙን ለማየት ያህል።»

«የአባቴን ጽሑፍ? ወላሂ፣ ጓንትህን ሳታወልቅ ነው የማስወጣህ።»

ስለዚህ ቢጫም ይሁን ብርቱካንማ፣ አላህ ያውቃል። ጌታሁን ሸክላውን በብርሃን አዘነበለው። ከመሐሉ ፈንጠር ብሎ የጥፍር ርዝመት ያለው ጭረት አለበት። ሁለቱ ተያዩ። ያ ጭረት ጥልቅ ከሆነ ሳጥኑ ቀረ ማለት ነው።

«እንስማው» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

«እንስማው» አለ ጌታሁን።

ከዚያ ጌታሁን ጋሽ መኩሪያን አየ፤ ጋሽ መኩሪያ ሻንጣውን አዩ። ማጫወቻ ያመጣ የለም። ከደሴ እስከ ውጫሌ ብሩሽና ማስመሪያ ተሸክመው የመጡ ሰዎች ሸክላ የሚያዞር ነገር ረስተዋል። አልፈርድባቸውም። እነዚህ ሰዎች ሸክላ ሲያገኙ ያዩታል፣ ይለኩታል፣ ያሸቱታል፤ መስማት ተራው መጨረሻ ላይ ነው።

ወይዘሮ ዘይነባ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ጉድ እኮ ነው! ሙሽራ ረስቶ የመጣ ሚዜ! እኔም ጋ የለም። አባታችን ሲያወርሱን ሸክላውን ለእኔ፣ ማጫወቻውን ለወንድሜ ነው የሰጡት። ሳንጠያየቅ እንዳንቀር ብለው። በየዒዱ ሸክላዬን ይዤ እሄዳለሁ። እሱ ሐይቅ ነው፤ አሳ ይጠብሳል።»

ጋሽ መኩሪያ በቀኝ ጆሯቸው አልሰሙ እንደሆነ ብዬ ልደግምላቸው ስል፣ እጃቸው ወደ ራሳቸው ሄደ። ባርኔጣቸውን እንድሪስ ቤት ረስተውታል።

7 ሰዓት፤ እንደገና ሐይቅ

ሸክላው ያለ ባለቤቱ አይጓዝም። ወይዘሮ ዘይነባ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ነጠላውን በደረታቸው አቅፈው፣ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጡ። በየጉድጓዱ «ቀስ! ቀስ በል ልጄ!» ይላሉ። ሰይድም አራስ እንደጫነ ሰው ነዳ።

እንድሪስ እህቱን ሲያይ «ዒድ ደረሰ እንዴ?» አለ። ብልቃጦቹን አነሳ፣ ባርኔጣውን ለጋሽ መኩሪያ መለሰ፣ ላስቲኩን ገለጠ። ጠዋት አጠገቡ ቁጭ ብለን አሳ የበላንበት ማጫወቻ፣ የእንጨት ሳጥኑ በዘይት ወዝቶ፣ ከነመርፌው እዚያው ነበረ። ጠረጴዛ ላይ አወጡት። ጌታሁን መቅጃውን በገመድ አገናኘ። ወይዘሮ ዘይነባ የዙሁር ሶላታቸውን ሊሰግዱ ወደ ጓሮ ዞር አሉ።

መርፌው ወረደ። መጀመሪያ የዘይት መጥበሻ የመሰለ ድምፅ፣ ከዚያ ቤዙ፣ ቀስ ብሎ፣ ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ። ጋሽ መኩሪያ ሁለት መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ቤዙን አገኘሁት» አሉ። ሳክስፎኑ ሲገባ ግን ፊታቸው አልተለወጠም።

«አሁን ማን ገባ?» አሉኝ።

«ሳክስፎኑ።»

«ምን ይላል?»

በስምንት ስንኝ የጻፍኩትን ሁሉ ፈለግኩ፤ አንዱም አልሆነልኝም። «ያለቅሳል» አልኳቸው።

«አላምንሽም። ደህና አድርገሽ ስሚ።»

ሰማሁ። «ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ማዶ ያለን ሰው የሚጣራ ይመስላል» አልኩ።

«እ… ይሄ ይሻላል» አሉ።

ያኔ መርፌው ጭረቱ ላይ ደረሰና ተያዘ። ያንኑ ሦስት ድምፅ እየደጋገመ ቆመ። ጌታሁን መርፌውን አንስቶ ሸክላውን አጠበ፣ አደረቀ፣ እንደገና ሞከረ። እዚያው ተያዘ። እንድሪስ «ሳንቲም አናቱ ላይ ጣልበት» አለ፤ ጌታሁን መርዝ ጠጣ የተባለ ያህል ተቆጣ። እንድሪስ ራሱ ጠረጴዛውን በጡጫ ደቃው፤ መርፌው ዘልሎ መጨረሻ ላይ ወደቀ። ጋሽ መኩሪያ መዳፋቸውን ከጠረጴዛው አንስተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ባርኔጣቸውን አጠለቁ።

«በቃ» አሉ። «ስድስት ነው።»

«ምን ሆናችሁ?» ወይዘሮ ዘይነባ ከጓሮ ተመለሱ። ነገሩን ሰምተው ወንድማቸውን በክርናቸው ጎሸሙት። «አንተ ከልጅነትህ ትቸኩላለህ። ከመጀመሪያው አስጀምሩት።»

ጠረጴዛው አጠገብ ቆመው መሐል ጣታቸውን አጠፉ። ቤዙ ወረደ፣ ሳክስፎኑ ተጣራ። እሳቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆጥራሉ። ጭረቱ ሊደርስ ሲል ጠረጴዛውን አንዴ፣ በስሱ፣ ኳ! መርፌው አለፈ። ምንም አልጎደለም። ኳታው ደግሞ ልክ ከበሮው ማረፍ በነበረበት ቦታ ዐረፈ።

ጋሽ መኩሪያ መዳፋቸው ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዓይናቸውን ገለጡ። «ይሄ ማን ነው?» አሉ።

«አባቴ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ። «ሻይ እየቀዱ። አንድ ቀን አልሳቱም።»

11 ሰዓት ተኩል፤ ደሴ

ቅጂው ከሐይቅ ለአሳታሚው ተልኳል። በመንገድ ላይ ጌታሁን ኳታውን በኮምፒውተር ማጥፋት እንደሚቻል ሲያስረዳ፣ ጋሽ መኩሪያ ግራ ጆሯቸውን አዞሩለት። ሲፈልጉ እንዲህ ያደርጋሉ።

የጦሳ ተራራ ጥላውን ከተማው ላይ ሲዘረጋ መናኸሪያ ደረስን። ከሚኒባሱ ሳንወርድ የአሳታሚው መልስ መጣ። ጌታሁን ቆሞ፣ ወደ ቀኝ ጆሯቸው ተርጉሞ አነበበው፦ «ደርሶኛል። ሰባቱም ይወጣሉ። ነገር ግን አንድ ተጫዋች አላሳወቃችሁኝም። አንዴ ብቻ የሚመታው ማን ነው? ስሙን ላኩልኝ። የስም ዝርዝሩ ገጽ ሞልቷል፤ ከግጥሙ ገጽ ቦታ ፈልጉለት።»

ሁሉም እኔን አዩኝ። ስልኬን አወጣሁና ወይዘሮ ዘይነባ ዘንድ ደወልኩ። ስማቸው እንዴት ይጻፍ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ዘይነባ ይማም በይ። የአባቴ ስም አብሮ ይገባልና። ማጫወቻው የእንድሪስ መሆኑንም ጻፊ፤ አለዚያ ዒድ ላይ ዘፈኑን አያስጨርሰኝም።»

ስምንቱን ስንኝ ሰረዝኩ። ከአርባው ምንም አልቀረም። በምትኩ ጻፍኩ፦

ጠረጴዛ፣ ዘይነባ ይማም፤ ውጫሌ።
ማጫወቻ፣ እንድሪስ ይማም፤ ሐይቅ።

ለጋሽ መኩሪያ በቀኝ በኩል ሆኜ አነበብኩላቸው። ሁለቴ አስደገሙኝ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ቡድኑ ውስጥ አንድ ሰው እንደ ልማዱ «ሳጥኑ ከምን ደረሰ?» ብሎ ጽፏል፤ በአንድ ጣት እየለቀሙ «አንድ ሰው ጎድሎ ነበር፤ ተገኘ» ብለው መለሱለት።

ባጃጁ ሊነሳ ሲል እጃቸውን አውጥተው፣ መሐል ጣታቸውን አጥፈው ጣራውን አንዴ መቱ። ወይዘሮ ዘይነባ ቢኖሩ «ትንሽ ዘገዩ» ይሏቸው ነበር።