ቴርሞስ የተባለው ሌንስ

ምንይሉ «ቴርሞስ» የሚል ስም የወጣለት በሰርግ ላይ ነው። ያውም በገዛ እህቱ ሰርግ።

መሐል ሜዳ ከተማ ላይ እሱና ትዕዛዙ ፎቶ ቤት ለፎቶ ቤት ይተያያሉ፤ በመካከላቸው ያለው መንገዱ ብቻ ነው። የትዕዛዙ ሌንስ አፉ ዙሪያ ቀይ ቀለበት አለው፤ የውድ ሌንስ ምልክት ነው። ለትዕዛዙ ቀይ ቀለበት የሌለው ሌንስ ማተብ እንደሌለው ሰው ነው፣ አይታመንም። የምንይሉ ካሜራ አርጅቷል እንጂ ከትዕዛዙ ካሜራ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሌንሱ ግን ቀለበትም የለው፣ ስምም የለው። ስም ኖሮት ከሆነም ምንይሉ እጅ ሳይገባ ተፍቆ አልቋል።

እህቱ ጌታነሽ ዘመሮ ስትዳር የሙሽራው ወገን ትዕዛዙን ጠራ። ምንይሉም እህቴን እኔ ሳላነሳት ማን ሊያነሳት ነው ብሎ የራሱን ካሜራ አንግቶ ሄደ። ዳሱ ውስጥ ጠላው ዞሮ፣ ሰው ሞቅ ብሎት ሳለ፣ ትዕዛዙ ካሜራውን «እስቲ አሳየኝ» ብሎ ተቀበለው። ሌንሱን ፈታና ሰው ሁሉ እንዲያይለት ወደ ላይ አነሳው።

«እናንተ! ይሄ ሌንስ ነው የቴርሞስ ክዳን?»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ሚዜው ሳቀ፣ ሽማግሌው ሳቀ፣ ጌታነሽ ራሷ በቬሎዋ ሥር አፏን ይዛ ሳቀች። ከጥግ በኩል አንዱ «እንግዲያው ሻይ ቅዳልን!» ሲል ደግሞ እንደገና ተሳቀ።

ምንይሉ ሰው ሲያየው ምላሱ የሚተሳሰርበት ሰው ነው። ሌንሱን ተቀብሎ በጃኬቱ ጠረገውና መልሶ ገጠመው። ሲያነሳ ዋለ፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ግን ግማሹ ፎቶ ተበላሸ። ትዕዛዙ ያንንም አይቶ «አላልኳችሁም?» አለበት።

ከዚያ ወዲህ ምንይሉ ብላ የምትጠራው እናቱ ብቻ ሆነች። ሌላው ሁሉ «ቴርሞስ፣ እንዴት አደርክ?» ነው። እሱም አብሮ ፈገግ ይላል። ሆዱ ውስጥ ግን ነገሩን እንደ ጠላ ጠንስሶ፣ አፉን ደፍኖ አስቀምጦታል። ሰው ፊት ነው ያዋረደኝ፣ ሰው ፊት ነው የሚከፍለኝ ይላል ለራሱ።

ቀኑ የመጣው ትዕዛዙ እፀገነትን ሲያገባ ነው። ለራሱ ሰርግ ከደብረ ብርሃን፣ እንደሱው ባለ ቀይ ቀለበት ፎቶ አንሺ ቀጥሮ ነበር። የሰርጉ ዕለት ጠዋት ጉሙ መንገዱን ደፈነውና ሰውየው አልደርስም ብሎ ደወለ። ትዕዛዙ በሱፉ፣ ጫማው እያብረቀረቀ፣ መንገዱን ተሻግሮ ምንይሉ በር ላይ ቆመ።

«ቴርሞስ፣ በናትህ፣ ጉድ ሆኛለሁ። አንተ አንሳን።»

«እሺ» አለ ምንይሉ።

«በዚያ ጉድህ ግን አይደለም!» ትዕዛዙ ሌንሱን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ነበር የመጣው። «በዚህ ነው የምታነሳኝ። ያንተ ሥራ ቁልፉን መጫን ነው፣ ሌላውን እሱ ያውቅበታል። ደሞ ፎቶ የምንነሳው ጓሳ ተራራ ላይ ነው፣ ብርድ እንዳይነካው። እስከ አፉ ሸፍንልኝ፣ ቀለበቱ እንዳይፋቅብኝ።»

«እስከ አፉ?»

«እስከ አፉ!»

ይህን ጊዜ ነው ምንይሉ ሆድ ውስጥ የተጠነሰሰው ነገር የገነፈለው።

ጓሳ ላይ ነፋሱ ቬሎውን ይገርፈዋል፤ ሚዜዎቹ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ወሽቀዋል። ምንይሉ ከመኪናው ኋላ ዞር አለ። የራሱን ሌንስ ካሜራው ላይ እንዳለ ተወው። ጌታነሽ ከበግ ፀጉር ፈትላ የሠራችለትን ሽፋን እስከ አፉ አለበሰው። እንዲያ ከተሸፈነ ማን ከማን ይለየዋል? ባለ ቀይ ቀለበቱን ደግሞ ይዞ ወደ ሙሽራው እናት ሄደ። እማማ አሰጋሽ የበግ ፀጉር ባናቸውን ደርበው፣ ለፎቶው ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ይቺን ይያዙልኝ። የልጅዎ ንብረት ናት፣ መሬት ላስቀምጣት ፈራሁ።»

«አምጣት ልጄ። ብርጭቆ ናት እንዴ?»

«ብርጭቆ ናት። ቀይዋን ወደ ላይ አድርገው፣ ጭንዎ ላይ።»

እማማ አሰጋሽ እንደ ዕንቁላል በሁለት እጃቸው ያዟት። ሙሽሮቹ ከኋላቸው ቆሙ። ትዕዛዙ ከእናቱ ራስ በላይ ጮኸ፦ «ቴርሞስ! ሸፈንከው?»

«ሸፍኜዋለሁ!»

የዚያን ቀን የምንይሉ እጅ አልተንቀጠቀጠም።

በሳምንቱ ትዕዛዙ ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ሲከፍት ቤቱ ሰው ሞልቶበት ነበር። «ቀለሙን እዩት! ሳሩን አንድ በአንድ ትቆጥረዋለህ! ከጀርባችን ያለው ደሞ እንዴት ደብዝዞ እንደሟሟ!» አለና ወደ ምንይሉ ዞረ። «አየህ ወንድሜ? ቴርሞስ ይዞት እንኳ እንዲህ ያነሳል። ሌንስ ሌንስ ከሆነ ሰው አይፈልግም።»

«እውነትህን ነው» አለ ምንይሉ፣ ጉንጩን ከውስጥ ነክሶ።

ትዕዛዙ ፎቶውን በር አሳክሎ አሳተመው። የፎቶ ቤቱ መስታወት ላይ ሰቀለና ከሥሩ «በኦሪጅናል ቀይ ቀለበት የተነሳ» ብሎ አጻፈበት።

አሁን የቀረው መጠበቅ ነው። ግን ሰው ምን እንደሚያይ እንጃ! ሁሉም ሙሽራይቱን ያያል። በገበያ ቀን አንዱ ገበሬ በጉን እየጎተተ መጥቶ፣ ቆሞ፣ አገጩን ይዞ ሲመለከት የምንይሉ ልብ ትዘላለች። ሰውየው «ወይ ቁንጅና!» ብሎ በጉን ጎትቶ ይሄዳል። ምንይሉ ወጥቶ «ዝቅ! ዝቅ ብላችሁ እዩ!» ማለት ያምረዋል። አፉ ግን ያው አፉ ነው፣ አይከፈትም።

አንድ የገበያ ቀን እማማ አሰጋሽ ከገጠር መጡ። ከሰርጉ ወዲህ መምጣታቸው ነበር። ምንይሉ በሩቅ አያቸውና ሱቁን እንደተከፈተ ጥሎ፣ ተከትሏቸው የትዕዛዙ ፎቶ ቤት ገባ። ውስጥ አፈወርቅ የሚባል የሚኒባስ ሾፌር አለ፤ ሊያገባ ነው። ትዕዛዙ ስለ ቀይ ቀለበት እየሰበከው ነው፤ የሚያዳምጠውም ብዙ ነው።

እማማ አሰጋሽ ፎቶውን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ውይ ልጄን! ውይ ሙሽራዬን!» ከዚያ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ራሳቸውን ፈለጉ። አገኙት። ጣታቸው ወረደና ጭናቸው ላይ አረፈ።

«ይቺ ያቺ አይደለችም? ይሄ ልጅ ይያዙልኝ ያለኝ! ከነቀይ ክሯ!»

«ምኗ እማዬ?» አለ ትዕዛዙ።

«ያንተዋ ናት! ብርዱ እጄን ሲያደነዝዘው እንኳ አልለቀቅኳትም።»

ትዕዛዙ ተጠጋ። ቀለበቱ ቀይ ሆኖ፣ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ጥሩ የተነሳ ፎቶ ነዋ።

«ቆይ ቆይ» አለ አፈወርቅ። «ሌንሱ እማማ ጭን ላይ ከነበረ፣ ታዲያ ይሄን ያነሳው ምንድን ነው?»

ምንይሉ ከጃኬቱ ውስጥ ስም የለሹን ሌንስ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አቆመው።

«ቴርሞሱ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። «ትዕዛዙ፣ ሻይ ቅዳልን!» አለ አንዱ ከኋላ። የትዕዛዙ ፊት ከቀለበቱ ብሶ ቀላ።

«አንተ! በሰርጌ? በሰርጌ ቀን እንዲህ ትሠራኛለህ?»

«ያኛውም የእህቴ ሰርግ ነበር» አለ ምንይሉ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ያልሰማው ግን የለም።

ሰው ሲወጣ ትዕዛዙ ፎቶውን ሊያወርድ መሰላል አቆመ። እፀገነት ከጓዳ ብቅ አለች። «የሰርጌን ፎቶ? እስቲ ንካውና እንተያያለን!» መሰላሉ ተመለሰ። ጽሑፉን ፋቀው፤ ቀለበቱ ግን በምን ይፋቅ? የላስቲክ አበባ ገዝቶ ልክ እናቱ ጭን ላይ ለጠፈበት። እማማ አሰጋሽ በሌላ ገበያ ቀን መጥተው አዩት።

«ሞቻለሁ እንዴ ልጄ፣ አበባ የምታስቀምጥብኝ?» ብለው መንገድ ላይ አለቀሱ።

አበባው ተነቀለ።

ምንይሉ እስከ ዛሬም ቴርሞስ ይባላል፤ ስሙ አልለቀቀውም። አፈወርቅ ሳይቀር «የኔም በቴርሞሱ ይሁን» ብሎ ነው ሰርጉን ያስነሳው። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ ምንይሉ በሩን ይከፍትና ማዶ ያለውን መስታወት እስኪጠግብ ያያል። ትዕዛዙ ሲወጣ ይጠብቀዋል።

«ትዕዛዙ፣ እንዴት አደርክ?»

ትዕዛዙ ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል።

«እናትህስ? አሁንም ይዘዋታል?»