ቅቤ የጠጣ ጠመንጃ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ መስቀል ሊደርስ ሲል ነው። እስካሁን ቅቤ ሲሸተኝ ፊቴን አዞራለሁ። የምጽፈው ግን ስላቅለሸለሸኝ ብቻ አይደለም። በሟች ባለቤቴ ላይ ለዓመታት የተወራ ውሸት ስላለ ነው።

የምኖረው ሆሳዕና ነው። ባለቤቴ ፖሊስ ነበር። ሲሞት ሞርሲቶ አጠገብ እንሰትና ድንች የምናበቅልበት ቁራሽ መሬት፣ እንዲሁም አንድ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ተወልኝ። የጠመንጃው ፈቃድ በስሜ ዞረ። ታናሽ ወንድሙ፣ ማለትም ዋርሳዬ፣ ግን «በሴት ቤት መሣሪያ አይቀመጥም፤ መሬቱን ከከርከሮ እኔ እጠብቅልሻለሁ» ብሎ ወሰደው። ስሙን አልጠራም። ካነበበው ራሱን ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ ድንቹ በደረሰ ቁጥር የሚያሳየኝ የተገለበጠ አፈርና የተጋጠ የእንሰት ሥር ሆነ።

«እትዬ፣ ምን ላድርግ? ጠመንጃው አይመታም። እርሳሱን እንደ ጤፍ ዘር ይበትነዋል። ወንድሜ ነው ያበላሸው፤ አያያዝ አያውቅበትም ነበር» ይለኛል።

ይህንኑ በለቅሶ ቤትም በሠርግ ቤትም አወራው። እኔ ከሰሜን ለማስተማር መጥተው እዚህ የቀሩ ሰው ልጅ ነኝ። በባለቤቴ ዘመዶች መካከል ብናገር ማን ሊሰማኝ ብዬ ዝም አልኩ።

ባለፈው ዓመት ግን ሽማግሌ ሰበሰበ። መሬቱን መጠበቅ ስለማልችል ለእሱ እንዲሰጠው ጠየቀ። እኔም ጠመንጃዬን አምጣ አልኩት።

«እሱ እኮ ቁርጥራጭ ብረት ሆኗል፣ ምን ያደርግልሻል?» ብሎ ሳቀ። ሆኖም አመጣው።

በጆንያ ተጠቅልሎ ነበር። ስፈታው ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። አይጥ የሞተበት መሰለኝ።

ባለቤቴ ሲያጸዳ ጨርቅ የማቀብለው እኔ ስለነበርኩ ሥርዓቱን አውቃለሁ። መጀመሪያ ጥይት አለመኖሩን አረጋገጥኩ። አፈሙዙን ከሰደፉ አላቅቄ ወደ መስኮቱ አዞርኩና በአንድ ዓይኔ አየሁ። ብርሃን የለም። መወልወያውን ዘንግ ስሰድበት መሃል ላይ ያዘኝ። ገፋ ሳደርገው ጥቁር፣ የሚዝለገለግ ነገር በሌላው ጫፍ ወጥቶ ጆንያው ላይ ተዘረገፈ። የበረሮ ክንፍና እግር ተለጥፎበታል። አንዳንዱ በረሮ ገና ይንቀሳቀስ ነበር።

ቅቤ ነው። ዋርሳዬ ጠመንጃውን ቅቤ ሲያጠጣው ኖሯል! እኛ አካባቢ ቅቤ የማይገባበት ነገር የለም። ራስ ይቀባል፣ ቆጮ ይለወስበታል፣ የደረቀ ቆዳ ይለሰልስበታል። ብረትም እንዲሁ መስሎታል። በተኮሰ ቁጥር የባሩዱ ጥላሸት ከሸተተው ቅቤ ጋር ይጋገራል፤ እሱ ደግሞ በላዩ ሌላ ይጨምርበታል።

አፍንጫዬን በነጠላዬ አስሬ ነጭ ጋዝ አፈሰስኩበት። ሲላላ በነሐስ ብሩሽ ፈተግኩት። ከዚያ ቃጫ በዘንጉ ላይ እየጠመጠምኩ ሳብኩት። ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ እሱን ጥዬ ሌላ እጠመጥማለሁ። ጠበብ በሚለው ጫፍ በኩል ከጥይቶቹ የቀለጠ ፕላስቲክ እንደ ቅርፊት ተጣብቆ ነበር። እሱን ሳስለቅቅ ጣቶቼ ተላጡ። ጓሮ ወጥቼም አስመለሰኝ።

በመጨረሻ ነጭ ጨርቅ ገብቶ ነጭ ሆኖ ወጣ። የስፌት መኪና ዘይት በስሱ ቀባሁና መልሼ ጠረግኩት። አሁን ውስጡ እንደ መስታወት ያበራል። አንድም ጭረት የለበትም። ባለቤቴ ምንም አላበላሸም።

ሽማግሌዎቹ ዳግም በተቀመጡ ቀን ጠመንጃውን ይዤ ሄድኩ። ከመካከላቸው ጋሽ ዴላሞ የሚባሉ የመሬቱ ጎረቤት መተኮስ ይችላሉ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይሞክሩልኝ» አልኳቸው።

ሰዉን ወደ ኋላ አርቀው፣ ዳገቱ ሥር አሮጌ ጆንያ አሰቅለው ተኮሱ። ሄደን ስናይ የጆንያው መሃል ወንፊት ሆኗል። ዳር ዳሩ አልተነካም።

ጋሽ ዴላሞ ወደ ዋርሳዬ ዞሩ። «አንተ፣ የማይመታው ይሄ ነው? ለመሆኑ ድንቹን የበላው ከርከሮው ነው ወይስ አንተ?» አሉት። ሰው ሳቀ።

እሱ ግን መች አፈረ! «ታዲያ በማን ተረፈ? ቅቤ ባልቀባው ዝጎ ያልቅ ነበር እኮ! እትዬ፣ እንዲያውም ልታመሰግኚኝ ይገባል» አለ።

ከበረሮው ይልቅ ያንገሸገሸኝ ይህ ነው። የሞተ ወንድሙን ሲያማ ኖሮ፣ ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ ምስጋና!

«ከውስጡ የወጣውን በላስቲክ አስቀምጬልሃለሁ። ለመስቀል ቆጮህን ለውስበት» አልኩት።

ጋሽ ዴላሞ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሽማግሌዎቹም መሬቱ በእኔ እጅ ይቆይ ብለው ተነሡ።

ይቅር በይው የሚሉኝ ዘመዶች አሉ። ሰላምታ አልነፍገውም፤ እጁን ግን አልጨብጥም። በሰው አፍ «ባልቴቷ ቂመኛ ናት» እንደምባል አውቃለሁ፤ ይበሉ።

በቅርቡ የራሱን ጠመንጃ ገዝቶ እንዳጸዳለት በሰው ላከብኝ። የተጠቀለለበትን ሳልፈታ መለስኩት።

«ምን ልበለው?» አለኝ መልእክተኛው።

«እጇ ደክሟል በለው» አልኩት።

አልደከመም። የዘንድሮውን ድንች ራሴ ነኝ የተከልኩት።